ኪቦርድ እየመቱ መዝፈን፦ እጅና አፍን ለማስማማት ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው ክረምት ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ እኔ ቤት እየመጣች ኪቦርድ የምትማር የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ስትጫወት ግራ እጇ አይሳሳትም፤ ስትዘፍን ድምፅዋ ልብ ይነካል። «በይ አሁን ሁለቱን አንድ ላይ» ስላት ግን አፏ ሲከፈት ግራ እጇ ቀጥ ይላል። እጇን እንደምንም ስታስቀጥል ደግሞ ግጥሙ ከአፏ ይጠፋል። በአራተኛው ቀን «ጋሼ፣ እኔ ለሁለቱ አልተፈጠርኩም መሰለኝ» ብላ ኪቦርዱን ልትሸፍን ጨርቁን አነሣች።

ይህን መመሪያ የምጽፈው እንደ እሷ ጨርቁን ላነሣችሁ ነው። ችግሩ የተሰጥኦ አይደለም። ሰው ሐሳቡን በአንድ ጊዜ በሁለት ነገር ላይ እኩል ማዋል አይችልም፤ መድረክ ላይ እየመቱ የሚዘፍኑትም አይችሉም። እነሱ ያደረጉት ሌላ ነገር ነው፦ አንዱን ሥራ ያለ ሐሳብ እስኪሠራ ድረስ ለእጃቸው አስረክበውታል። ቡና የምትለቅም ሴት አይታችሁ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ። እጇ ስንኩሉን ከደህናው እየለየ አፏ የሰፈሩን ወሬ ሳይቋረጥ ያወጋል። ለእጇ አንድም ጊዜ ትእዛዝ ስትሰጥ አትሰማም። ግራ እጃችን እዚያ እስኪደርስ ድረስ መዝፈን አንጀምርም፤ የመመሪያው ዋና ነገር ይኸው ነው።

እየመቱ ማዜም ለእኛ ባዕድ አይደለም። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ግጥም ይፈጥራል፤ አስናቀች ወርቁ ክራሯን ታቅፋ ነበር የምታዜመው። ግርማ በየነ ፒያኖ ተጫዋችም፣ አቀናባሪም፣ ድምፃዊም ነው። የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ በ1936 ዓ.ም. የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው፤ ባለ አምስት ድምፁን ቅኝታችንን ባለ አሥራ ሁለት ድምፅ በሆኑት በኪቦርድና በቫይብራፎን ላይ እንዴት ማኖር እንደሚቻል ካሳዩን አንዱ እሱ ነው። ወደ መጨረሻው ላይ ወደ ቅኝቱ እመለሳለሁ።

ዕቃውና አቀማመጡ

61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ይበቃል። ከዚያ ያነሰው ሁለት እጅ ሲገባበት ይጠባል። ከዋጋው ይልቅ ከፍታውን አስቡበት፤ ብዙዎቻችን ኪቦርዱን አልጋ ላይ ወይም የምግብ ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠዋለን። አልጋ ላይ ሲሆን ጎንበስ እንላለን፤ ሆድ ይታጠፋል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ትከሻ ይሰቀላል፤ ትከሻ ሲሰቀል ጉሮሮም አብሮ ይያዛል። ክርናችሁ ከቁልፎቹ ጋር እኩል ሲሆን፣ ሁለቱም እግራችሁ መሬት ሲረግጥና ከወንበሩ ፊተኛ ግማሽ ላይ ስትቀመጡ ልኩ ነው። ማይክ ካላችሁ ማቆሚያውን ከፊት ለፊት አድርጉት። ወደ ጎን ዞሮ የሚዘፍን ሰው ቶሎ አንገቱን ያመዋል፤ ድምፁም ይጠባል።

ስለ ከተማችን ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ መብራት ይጠፋል። ብዙዎቹ ትንንሽ ኪቦርዶች በባትሪ ድንጋይም ይሠራሉ፤ የእናንተን ገልብጡና ከሥር እዩት። አዳፕተር ስትለውጡ ደግሞ ቮልቱና የፕላስና ማይነሱ ምልክት ከኪቦርዱ ጀርባ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትሰኩ። ሁለተኛ፣ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የራሳችሁን ድምፅ እንኳን አትሰሙም። በዚያ ሰዓት ድምፅ አጥፉና እጃችሁን ብቻ አለማምዱ። ጆሮ ሳይረዳው መንገዱን የሚያገኝ እጅ ኋላ ላይ ትልቅ ውለታ ይውልላችኋል።

ዘፈኑን ለጉሮሮ መለካት

ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ሳያውቀው ስለሚወድቅ ደግሞ ጥፋቱን በእጁ ያሳብባል። ዘፈኑ ለድምፃችሁ ከፍ ካለ ሐሳባችሁ በሙሉ ጉሮሮአችሁ ላይ ይሆናል፤ ለእጃችሁ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ኪቦርድ የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ ዝፈኑ። አገጫችሁ ወደ ላይ ከተነሣ ከፍ ብሏል። ከዚያ ዝቅተኛውን ቦታ ዝፈኑ፤ ድምፅ ቀርቶ ትንፋሽ ብቻ ከወጣ ዝቅ ብሏል።

ትራንስፖዝ የሚለው ቁልፍ እያንዳንዱ ጭነት ድምፁን በግማሽ ቃና ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። እጃችሁ ያው የለመደውን ቦታ እየመታ ድምፁ ለጉሮሮአችሁ ይመቻል። «ትራንስፖዝ የሰነፍ ነው» የሚሉ ሙዚቀኞች አሉ፤ እኔ ግን ለመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ሐፍረት ተጠቀሙበት እላለሁ። ቁጥሩን ከግጥሙ ራስጌ ጻፉት፤ ስትጨርሱ ወደ 0 መልሱት። እኔ አንድ ሠርግ ላይ ከአንዱ ዘፈን −3 ላይ የተወሁትን ሳልመልስ ቀጣዩን ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ ኮርድ (አብረው የሚመቱት ድምፆች) ስትወጣ ቤዝ ጊታር የያዘው ልጅ ዞሮ ያየኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘፈን ከመጀመሬ በፊት ዓይኔ ስክሪኑን ሳያይ አላልፍም።

የልምምድ ስንኝ

ለተማሪዎቼ የጻፍኩት አንድ አጭር ግጥም አለ። የምትወዱትን ዘፈን ለጊዜው አስቀምጡና በዚህ ጀምሩ፤ ምክንያቱም በምትወዱት ዘፈን ውስጥ የድምፃዊው ጌጥ ሁሉ ጆሮአችሁ ላይ አለ፤ እሱን ለመከተል ስትሉ እጃችሁን ታጣላችሁ።

ጅሬን ላይ ጣለ የበልጉ ዝናብ፣
ነጩን ለበሰ ቡናው ሲያብብ።

እያንዳንዱ ግማሽ ስንኝ፣ ከእንግዲህ ቤት የምለው፣ አምስት ቀለም አለው፦ ጅ–ሬን–ላይ–ጣ–ለ፣ የ–በል–ጉ–ዝ–ናብ፣ ነ–ጩን–ለ–በ–ሰ፣ ቡ–ናው–ሲ–ያ–ብብ። የምንቆጥረው እንደ ችክችካው በስድስት ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ቁጥር፣ ስድስተኛው ላይ ዝም ብሎ መተንፈስ። ስለዚህ አራት ቤት ስድስት ስድስት ቆጠራ ይሆናል።

ዜማው ትዝታ ሜጀር ነው፦ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ዶ የምለው ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ያለውን ነጭ ቁልፍ ነው። የመጀመሪያው ቤት ዶ ሬ ሚ ሶል ሶል፤ ሁለተኛው ላ ሶል ሚ ሶል ላ፤ ሦስተኛው ላ፣ ላይኛው ዶ፣ ላ ሶል ሚ፤ አራተኛው ሶል ሚ ሬ ሬ ዶ። ዜማውን በቀኝ እጅ አንድ ጣት እየነካችሁ እስክትይዙት ዝፈኑ። ከያዛችሁት በኋላ ቀኝ እጃችሁን ከዜማው አንሡ። ዜማውን በጣት እየመሩ መዝፈን ይቀላል፤ ግን ከለመደባችሁ ያለ ጣት መዝፈን ያቅታችኋል።

ደረጃ 1፦ ግራ እጅ ብቻ

ግራ እጃችሁ በእያንዳንዱ ቤት ቁጥር 1 ላይ አንድ ቁልፍ ብቻ ይመታል። መጀመሪያ ዶ፣ ከዚያ ከሱ ዝቅ ብሎ ያለው ላ፣ እንደገና ላ፣ ከዚያ ዶ። ቁልፉ እስከ ስድስት ድረስ እንደተጫነ ይቆያል። ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን) 90 ላይ አድርጉት፤ እያንዳንዱ ምት አንድ ቁጥር ነው። ኪቦርዳችሁ ላይ ከሌለ ስልክ ላይ በነፃ የሚጫን አለ።

ከኪቦርዱ ጋር የሚመጣውን ከበሮና ስታይል አሁን አትክፈቱ። የእጃችሁ መቆም በከበሮው ድምፅ ይሸፈናል፤ ስሕተታችሁን ሳትሰሙት ትለምዱታላችሁ። እኛ ደግሞ የምንፈልገው እጁ የቆመበትን ቅጽበት መስማት ነው።

ለመቁጠሪያ ሁለት ስኒና አሥር ፍሬ ቡና ያዙ። አራቱን ቤት ያለ ስሕተት በተጫወታችሁ ቁጥር አንድ ፍሬ ከግራው ስኒ ወደ ቀኙ ይለፍ። ከተሳሳታችሁ አንድ ፍሬ ይመለስ። ሁሉንም መልሱ የሚሉ መምህራን አሉ፤ እኔ ግን ዘጠነኛው ላይ ተሳስቶ ዘጠኙን የመለሰ ልጅ በማግሥቱ ሲቀር ስላየሁ አንዱን ብቻ አስመልሳለሁ። አሥሩ ሲያልፉ የዚያ ቀን የግራ እጅ ሥራ አለቀ።

ደረጃ 2፦ እየመቱ ማውራት

ይህን ደረጃ ማንም ዘሎት እንዳያልፍ። ግራ እጃችሁ ዶ ላ ላ ዶውን እየዞረ ሳለ አንድ ሰው ጥያቄ ይጠይቃችሁ። ያቺ ተማሪዬ ታናሽ ወንድሟን ይዛ ትመጣ ነበርና ሥራውን ለሱ ሰጠሁት። «ዛሬ ምሳ ምን በላሽ?» ይላታል፤ እጇ ይቆማል። «ትናንት ማን መጣ?» እጇ ይቆማል። እንዲህ እያለ ሦስት ቀን ሄደ። በአራተኛው ቀን «ሂርማታ ገበያ ሽንኩርት ስንት ገባ?» ሲላት ዋጋውን ነግራው፣ ተወደደ ብላ አማርራ፣ ስትጨርስ እጇ አሁንም ላ ላይ ነበር። እሷ ራሷ እጇን ስታየው ደነገጠች።

ጠያቂ ከሌላችሁ ከአሥር ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ የቀናቱን ስም በሉ፤ ከፊታችሁ ያለውን ዕቃ ሁሉ በስሙ ጥሩ። እጅ ሳይቆም ሁለት ደቂቃ ካወራችሁ እጃችሁ ራሱን ችሏል ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ዘፈኑን አትንኩት። ከአራት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ የወሰደውን ይውሰድ።

ደረጃ 3፦ ግጥሙን ያለ ዜማ ማለት

አሁን ግጥሙን እንደ ሽለላ በምቱ ላይ ተናገሩት፤ ዜማ የለም። ግራ እጃችሁ የሚመታው ከአራት ቀለሞች ጋር ብቻ ነው፦ ጅ፣ የ፣ ነ፣ ቡ። ወረቀታችሁ ላይ እነዚህን አክብቡ።

እዚህ ቦታ ሁለት ስሕተት ይመጣል። የመጀመሪያው እጅ ከአፍ ጋር አብሮ መሮጡ ነው፤ አፍ አምስት ቀለም ሲል እጅም አምስት ጊዜ ይመታል። በአንድ ሰው አካል ውስጥ ያሉ ሁለት እንቅስቃሴዎች አንድ ዓይነት ምት መያዝ ይቀናቸዋል፤ ስለዚህ ባሕርይ ነው እንጂ ጉድለት አይደለም። መድኃኒቱ ጣቱን ማክበድ ነው፤ ቁጥር 1 ላይ ከመታችሁ በኋላ ጣታችሁ ቁልፉ ላይ ተኝቶ ይቆይ፣ እስከ ስድስት አይነሣ። የተኛ ጣት ሊመታ አይችልም።

ሁለተኛው ስሕተት ቃሉ ላይ ነው። እጅ ሲያስቸኩለን የምናጠብቀውን ፊደል እናላላለን። አማርኛ ደግሞ ፊደል በመጥበቁና በመላላቱ ትርጉም ይለውጣል፤ «አለ» ላልቶ መናገር ነው፣ ጠብቆ መኖር ነው። በኛ ስንኝ «ነጩን» ላይ «ጩ»፣ «ለበሰ» ላይ «በ» ይጠብቃል፤ «ጣለ» ላይ «ለ» ይላላል። ጅማ ውስጥ ብዙዎቻችን በአፋን ኦሮሞም ስለምንዘፍን ይህንም ልጨምር፦ እዚያ አናባቢው ረዘመ ወይም አጠረ ማለት ሌላ ቃል ሆነ ማለት ነውና፣ ለምቱ ሲባል ረጅሙን አታሳጥሩት። ቃሉ ካልገጠመ ቴምፖውን (ፍጥነቱን) ቀንሱ።

ደረጃ 4፦ ዜማውን ማስገባት

በቀጥታ ወደ ግጥሙ አትግቡ። መጀመሪያ ከንፈር ገጥማችሁ በ«ም» ብቻ አንጎራጉሩ። ከዚያ በ«ላ» ብቻ ዝፈኑ። ዜማው ከእጁ ጋር ሲስማማ ቃላቱን መልሱ። ሜትሮኖሙን በዚህ ጊዜ ወደ 75 አውርዱት።

ሲበላሽባችሁ ከመጀመሪያው አትጀምሩ። ይህ የሁላችንም መጥፎ ልማድ ነው፤ የመጀመሪያውን ስንኝ ሃምሳ ጊዜ፣ የመጨረሻውን አምስት ጊዜ ተለማምደን መድረክ ላይ መጨረሻው ይፈርሳል። የተበላሸችውን ቀለም ፈልጉ። «ናብ» ብላችሁ ወደ «ነ» ስትሻገሩ እጁ ከዘገየ፣ «ናብ»፣ ትንፋሽ፣ «ነ»፤ እነዚህን ብቻ አሥር ጊዜ። ከዚያ ከፊቷ «ዝ»ን ጨምሩ። ከዚያ «ጉ»ን። ወደ ኋላ አንድ አንድ ቀለም እየጨመራችሁ ስትሄዱ ሁልጊዜ ወደምታውቁት ቦታ ነው የምትገቡት፤ ድፍረት ይሰጣል።

ትንፋሹንም ጻፉት። ከእያንዳንዱ ቤት በኋላ ስድስተኛው ቁጥር ላይ ክፍተት አለ፤ እኔ ግን ከሁለተኛው ቤት በኋላ ብቻ በደንብ እስባለሁ። ኮርድ ሲቀየር ሳያውቁ ትንፋሽ የሚይዙ ብዙ ናቸው። የዚህ ምልክቱ ከስንኙ መጨረሻ ላይ ድምፅ መንቀጥቀጡ ነው።

ደረጃ 5፦ ግራ እጅን ማብዛት፣ ቀኝን ማስገባት

ግራ እጃችሁ አሁን ቁጥር 1 እና ቁጥር 4 ላይ ይምታ። አራተኛው ላይ የሚገጥሙት ቀለሞች ጣ፣ ዝ፣ በ፣ ያ ናቸው፤ እነሱንም አክብቡ። እጅ አዲስ ነገር ሲጨመርበት ደረጃ 2ን መድገም ግድ ነው፤ እንደገና ወሬ፣ እንደገና ጥያቄ። በዚህ ጊዜ ግን አንድ ሁለት ቀን ይበቃል።

ቀጥሎ ቀኝ እጅ ኮርድ ይያዝ። ግራው ዶ ሲመታ ቀኙ ዶ ሜጀርን ይይዛል፣ ዶ ሚ ሶል፤ አውራ ጣት፣ መሐል ጣት፣ ትንሿ ጣት። ግራው ላ ሲመታ ቀኙ ላ ማይነርን ይይዛል፤ ለዚህ እጃችሁን አታንሡ፤ አውራ ጣት ዶ ላይ፣ መሐል ጣት ሚ ላይ እንዳሉ ትንሿ ጣት ብቻ ከሶል ወደ ላ ትሻገር። ዶ ሚ ላ ማለት ላ ማይነር ነው፤ ቅደም ተከተሉ ነው የተለወጠው። አንዲት ጣት ብቻ ስለምትንቀሳቀስ ዓይናችሁ ወደ እጃችሁ አይወርድም፤ ዓይን ካልወረደ አንገት አይታጠፍም፤ ድምፅም አይታፈንም።

ቀኝ እጅ ኮርዱን ይዞ መቆየት ከለመደ በኋላ ስድስተኛው ቁጥር ላይ፣ አፍ ዝም ባለበት፣ አንድ ሁለት ድምፅ ጣል ያድርግ። ማሲንቆው እንዲህ አይደል? ዘፋኙ ሲያርፍ መሣሪያው ይመልሳል። ይህን ሳስተምር ልጆቹ ቶሎ ይገባቸዋል፣ ጆሯቸው ያደገው በዚሁ ስለሆነ። አፍ ሲናገር እጅ ዝቅ፣ አፍ ሲያርፍ እጅ ብቅ።

ወደ ሌሎቹ ቅኝቶች

በትዝታ ሜጀር ያስጀመርኳችሁ በምክንያት ነው። ከአምስቱ ድምፆች ሳይወጡ ሁለት ሙሉ ኮርድ ይገኛል፤ ዶ ሜጀርና ላ ማይነር። ትዝታ ማይነር ላይ ሚ እና ላ በግማሽ ቃና ዝቅ ይላሉ (ፍላት የምንለው ይህን ነው)፤ ኮርዶቹ ዶ ማይነርና ላ ፍላት ሜጀር ይሆናሉ። ባቲ ሜጀር፣ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ፣ ዶ ሜጀርና ሚ ማይነር ይሰጣል። በአምባሰል፣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ የሚገኙት ፋ ማይነርና ሬ ፍላት ሜጀር ናቸው፤ መነሻው ዶ ላይ የሚቆም ኮርድ ስለሌለ ጀማሪ ዜማው የት እንዳረፈ ይጠፋዋል። ለዚህ ኮርዱን ተዉትና በግራ እጅ ዶና ሶልን ብቻ ይዛችሁ ዝፈኑ፤ እንደ በገና ያምራል።

አንቺሆዬ ላይ ግን ይህም አይሠራም። ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ናቸው፤ ሶል የለበትም። ግራ እጃችሁ በለመደው ዶና ሶልን ከያዘ ከዜማው ሶል ፍላት ጋር ይጋጫል፤ ድምፃችሁ የተሳሳተ ይመስላችኋል፣ የተሳሳተው እጁ ነው። ዶን ብቻ ወይም ዶና ፋን ያዙ። ብዙ ወር ሳትሠሩ አንቺሆዬን አታስቸኩሉት።

ሰው ፊት

ቤት ውስጥ፣ ቡና ሲፈላ፣ ለሦስት አራት ሰው ጀምሩ። ከዚያ በፊት በስልካችሁ ቅዱና በማግሥቱ ስሙት፤ በዕለቱ የሚሰማችሁ ድካማችሁ ነው። ስትቀዱ ስልኩን ከስፒከሩ አርቃችሁ ወደ አፋችሁ አቅርቡት፤ ካልሆነ ኪቦርዱ ድምፃችሁን ይውጠዋል። ከተዋጠ ለእንግዶቹም እንዲሁ ነውና የኪቦርዱን ቮልዩም ቀንሱ።

ቀድማችሁ አንድ ነገር ወስኑ፦ ሰው ፊት ሲጠፋኝ ምን እተዋለሁ? መልሱ ቀኝ እጅን ነው። ግራ እጅና ድምፅ ካልቆሙ ቁጭ ብሎ የሚሰማው ሰው ምን እንደጎደለ አያውቅም። ግጥሙ ከጠፋችሁም በ«ም» አንጎራጉሩ፤ ግራ እጁ ይቀጥል። ቀኝ እጃችሁን ለመመለስ አትሩጡ፤ የሚቀጥለው ቤት እስኪጀምር ጠብቁና ቁጥር 1 ላይ፣ አውራ ጣትን ዶ ላይ አሳርፋችሁ ግቡ።